ቤቶች! እንደምን አደራችሁ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ዘንድሮ ለገና መልእክቴ አንዲት ቃል ይዤ መጥቻለሁ፤ «ቤት»። በቀን ስንት ጊዜ እንደምናነሳት አስቡት። ትምህርት ቤት፣ ቡና ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ መድኃኒት ቤት። የትዳር ጓደኛ ባለቤት ይባላል። ዘመዶቻችን ቤተሰብ ናቸው፣ የቤት ሰው እንደማለት። ግጥም ሳይሰምር ሲቀር «ቤት አልመታም» እንላለን። ደጅ ቆመን ስንጣራም የማንንም ስም አናነሳም፤ «ቤቶች!» ነው የምንለው።

ቃሉ እጅግ ጥንታዊ ነው። በግእዝም ቤት ነው። በዕብራይስጥ «ባይት»፣ በዐረብኛ «በይት» ይሉታል። የጥንት ባቢሎናውያንም «ቢቱ» ይሉት ነበር። ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄዱ እህቶቻችን ገና ዐረብኛ ሳይለምዱ ይህችን ቃል ለይተው ይሰሟታል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የቃሉ ዘመድ የሆነው ግስ ነው። በግእዝ «ቤተ» ማለት አደረ፣ ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው። በዐረብኛም «ባተ» ያው አደረ ነው። ቤት እንግዲህ ሰው መሽቶበት የሚያድርበት ነው። እኛስ ጠዋት ስንገናኝ መጀመሪያ የምንጠያየቀው ስለ አዳራችን አይደል?

የገናን ታሪክ በዚህ ዐይን ሳነበው ልቤን ይነካኛል። ቤተልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በዚያች ከተማ ዮሴፍና እመቤታችን ማደሪያ አጡ። ሉቃስም «በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ብሎ ጽፎታል። ሕፃኑ በግርግም ተኛ። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት እስከ ዛሬ ቤተልሔም ብላ ትጠራዋለች።

ላሊበላ ላይ በገና ሰሞን የሚደረገው ለዚያች ሌሊት የተሰጠ መልስ ይመስለኛል። ከየገጠሩ ቀናት በእግሩ ተጉዞ የመጣውን ምእመን እየተቀበሉ እግሩን ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ያሳርፉታል። አብያተ ክርስቲያናቱም ስማቸው ራሱ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። በበዓሉ ጠዋት ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ባለው አለት አፋፍ ላይ ቆመው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲያሸበሽቡ፣ ከሕዝቡ ስንቱ ከቤቱ ርቆ ያደረ ነው!

በየቤታችንም ዋዜማው እንዲሁ ነው። ሽንኩርቱ ገና እየተቁላላ አክስት ከክፍለ ሀገር ትደርሳለች። የሶፋው ትራስ መሬት ይወርዳል። ልጆቹ አንዱ ራስጌ፣ አንዱ ግርጌ ሆነው ይጋደማሉ። አልጋዋን የለቀቀችው እናት «ኧረ እኔ እዚህ ይመቸኛል» ትላለች። «ቤት የእግዜር ነው» የሚባለው ይኼኔ ነው።

ስለዚህ ነው አከራዮች «እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው» ሲሉ የሚያመኝ። ኑሮው ተወዷል፣ ውሃውም መብራቱም ይቆጥራል፣ ይገባኛል። ግን እናት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ የማታድርበትን ክፍል ቤት ብዬ መጥራት ይከብደኛል። አከራይ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ቢያንስ የበዓሉን ሰሞን ፍቀዱ። እባካችሁ!

ዘንድሮ አዲስ ቤት የገባችሁ፣ ቤት ለእምቦሳ! እናንተም «እምቦሳ እሰሩ» በሉኝ። ሰው ቤት ተቀጥራችሁ በዓሉን በሥራ የምታሳልፉ እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ለአገራችሁ ያብቃችሁ፤ እስከዚያው ደውሉና ድምፃችሁን አሰሙን። ከቀያችሁ ተፈናቅላችሁ በመጠለያ ያላችሁ፣ በሰላም ለቤታችሁ ያብቃችሁ። ብቻውን የሚውል ጎረቤት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ በሩን አንኳኩ። ዶሮው ይበቃል።

መልካም የገና በዓል!