ድሪያዬ ስር የደበቅኩት እግር

ድሬዳዋ ውስጥ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ቆሜ ስሠራ 19 ዓመት ሆነኝ። ግራ እግሬ ላይ፣ ከጉልበቴ በታች፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘው ደም ስር መጀመሪያ የወጣው ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ነው። ከወለድኩ በኋላ ቀለል ሲለኝ ተውኩት። ሦስተኛዋን ሳረግዝ ተመለሰ፣ በዚያው ቀረ። ጭኔ ላይም ቀይና ሰማያዊ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘረጋ። ምን አደረግኩ? ድሪያ፣ ያንን ሰፊና ረጅም ቀሚስ፣ ለበስኩ። አቦ ድሬ አይደል እንዴ፣ ድሪያ የለበሰችን ሴት ማን ምን ብሎ ይጠይቃታል!

ሕመሙ ግን አይደበቅም። ጠዋት ደህና እነሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እግሬ ድንጋይ ይሆናል፣ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል፣ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኝና ከእንቅልፌ እነሳለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ አይጣል ነው። ሙቀት ደም ስርን እንደሚያሰፋ፣ የሰፋው ደግሞ ደም እንደሚያቁር ያኔ አላውቅም፤ እርጅና መጣ ብዬ ነበር፣ ገና በ36 ዓመቴ።

እናቴ ቀፊራ ገበያ አትክልት ትሸጥ ነበር። የእሷም እግር እንዲሁ ነበር። በኋላ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቆዳዋ ጠቆረ፣ አሳከካት፣ ቆሰለ፣ ቁስሉም አልድን ብሎ ዓመታት በጨርቅ ጠቅልላው ኖረች። ሰፈሩ "መተት ረግጣ ነው" አለ። እሷም አመነች። ይህ ነገር በዘር እንደሚሄድ ሐኪም ሲነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ጨርቅ ነው።

ሐኪም ጋ ከመድረሴ በፊት ያልሞከርኩት የለም። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርጄ ጥብቅ ያለ ስቶኪንግ ገዛሁ፣ ጭኔ ላይ ያለው ላስቲክ እንደ ገመድ ያስረኝ ነበር፣ ከታች ደግሞ ልል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም ጠብቆ ወደ ላይ ሲወጣ እየላላ መሄድ አለበት። የኔው ደሙን ከላይ አግዶት እግሬን የባሰ አሳበጠው። አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ "እህቴ፣ ሂጃማ አስደርጊ፣ የረጋውን ደም ያወጣልሻል" አለችኝ፤ በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ እንደ ዋግምት ደም መሳብ ነው። ቀጠሮ ሁሉ ይዤ ነበር። ያስቀረኝ ባሌ ነው፣ አውቆ አይደለም፣ ደም ማየት ስለማይችል ብቻ። በኋላ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። ያበጠ ደም ስር ምላጭ ከነካው ደሙ በቀላሉ አይቆምም። (በድንገት ከደማባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ጫን በሉት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።)

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የመርፌው ነገር ነው። አዲስ አበባ ለሰርግ ሄጄ አንድ ቦታ ገባሁ፣ ስሙ ይቅር። ጭኔን አዩና "ይሄማ በመርፌ ይጠፋል" አሉኝ። አልትራሳውንድ የለ፣ "እስቲ ቁሚ" ያለኝ የለ። የዕቁብ ዕጣዬን ሙሉ ከፈልኩ። እውነት ለመናገር ለወራት ጠፍቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ተመለሰ፣ ጓደኛም ይዞ።

መርፌው ራሱ ማጭበርበር አይደለም። ስክሌሮቴራፒ ይባላል። እንደ ፖሊዶካኖል ያለ መድኃኒት ደም ስሩ ውስጥ ይገባና የውስጥ ግድግዳውን ይጎዳዋል፣ ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል፣ ሰውነት ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። ከላይ ባለው ትልቁ ደም ስር ላይ ችግር ለሌለበት ሰው ጥሩ ነው። የኔ ግን ከላይ ነበረበት። ደቻቱን፣ የድሬን ወንዝ፣ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ነው ጎርፍ ሆኖ የሚመጣው። እኔ ከታች አሸዋውን ስጠርግ ነበር።

ይህን ያስረዳኝ ሁለተኛው ሐኪም ነው። ትምህርት ቤት ደም ቅዳና ደም መልስ ብለን የሸመደድነው ትዝ ይላችኋል? ደም መልስ ከእግር ወደ ልብ ሽቅብ ነው የሚወስደው። ውስጡ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች አሉት፣ ስንራመድ የባት ጡንቻ ጨመቅ እያደረገ ደሙን ይገፋዋል፣ በሮቹ ደግሞ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። በሩ ከላላ ደሙ ቁልቁል ይመለስና ይጠራቀማል። ቆሞ የሚውል ሰው ደግሞ ባቱ አይጨምቅም። አስተማሪ፣ አስተናጋጅ፣ ዘበኛ፣ እኔ።

አቁሞ ነው በዶፕለር አልትራሳውንድ ያየኝ። ባቴን ጨመቅ አድርጎ ሲለቀው ደሙ ቁልቁል ሲመለስ ድምፁን ራሴ ሰማሁት። ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ከተመለሰ በሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። የኔ ብልሽት ብሽሽቴ አጠገብ ነበር፣ ሳፌነስ የሚባለው ረጅሙ ደም ስር ላይ። የሸረሪት ድር የሚመስሉት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሱ ናቸው፣ ቫሪኮስ የሚባለው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሰፋው ነው። እኔ ሁለቱም ነበሩኝ፣ ያስከፈሉኝ ግን ለትንሹ ነው።

በሌዘር ሙቀት መዝጋትም ይቻላል፣ እኔ ግን ቀዶ ጥገናውን መረጥኩ። ብሽሽቴ ላይ ትንሽ ተከፍቶ ደም ስሩ ታስሮ ወጣ፣ እብጠቶቹም በትንንሽ ቀዳዳ ተለቀሙ። "ታዲያ ደሙ በየት ይመለሳል?" ብዬ ፈርቼ ጠየቅኩ። አብዛኛው ደም የሚመለሰው ከውስጥ ባሉት ጥልቅ ደም መልሶች ነው፣ እነሱ ደህና መሆናቸውን አስቀድሞ አይቶ ነበር። በማግስቱ አስነስተው አራመዱኝ። እግሬ ለሳምንታት በለዘ። ባቴ ውስጥ በኩል አንድ የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ እስካሁን ደንዝዟል፣ ነርቭ አጠገቡ ስለሚያልፍ ያጋጥማል ብለውኝ ነበር። ሌሊት የሚጨመድደኝ ግን ቀርቷል።

አሁን የምለብሰው ስቶኪንግ ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚባለው ነው፣ ጠዋት እግሬ ሳያብጥ ተለክቼ ነው የታዘዘልኝ። የእግር ደም ቅዳ ችግር ላለበት ሰው ጉዳት ስላለው ሳትታዩ አትግዙ። ድሬ ላይ እሱን መልበስ ግን... እንዴት ልበላችሁ፣ ሰኔ ላይ ብርድ ልብስ እንደመልበስ ነው። ሁለት ዘዴ ከሥራዬ አገኘሁ። የፀጉር ቀለም ጓንት ካደረግኩ ስቶኪንጉ ከእጄ ሳይንሸራተት ወደ ላይ ይሳብልኛል፣ ሲያቃጥለኝ ደግሞ በፀጉር ማርጠቢያው ውኃ እረጭበትና ማራገቢያው ፊት እቆማለሁ። የቀትሩን እረፍት ቀድሞ በወሬ ነበር የምጨርሰው፣ አሁን እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። ደንበኞቼ ይስቁብኛል።

አንድ ነገር ብቻ በቀልድ አትለፉት። አንድ እግር በድንገት ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ፣ ጥልቁ ደም ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጋር ትንፋሽ ካጠረ ወይ ደረት ከወጋ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል።

ዘንድሮ ቀኝ ጭኔ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ መስመሮች ብቅ ብለዋል። በአልትራሳውንድ ታየሁ፣ ከላይ ምንም የለም። አሁን መርፌው ይሆነኝ ነበር፤ እኔ ግን ለእሱ ያሰብኩትን ገንዘብ ከፍ ያለ በርጩማ ገዛሁበት፣ አንድ ለኔ፣ አንድ አብራኝ ለምትሠራው ልጅ። እሷ ገና 22 ዓመቷ ነው፣ እናቷም ያበጠ ደም ስር አለባት። በርጩማው ላይ መቀመጥ ታፍራለች፣ ደንበኛ ሲገባ ዘላ ትነሳለች።