ሦስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ

ዛንዚባር የገባሁት ተናድጄ ነው። ባለታክሲው ከአየር ማረፊያ እስከ ስቶን ታውን 30 ዶላር ተቀበለኝ። ያረፍኩበት ቤት ልጅ ደግሞ «አስርም ይበዛበታል» ብሎ ሳቀብኝ። ሌሊት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቀጥ አለ። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጋቢ ተጠመጠመብኝ። የአዲስ አበባን የሐምሌ ብርድ ሳማርር የኖርኩት ሰውዬ፣ ብርድ አማረኝ።

ሲነጋ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ ያሠሩት ቤተ መንግሥት፣ ቤት አል-አጃይብ (የድንቆች ቤት)፣ በ2013 ዓ.ም. ከፊሉ ተደርምሶ ታጥሮ አገኘሁት። ከውጭ ማየት ብቻ።

አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ከሰል ላይ በተጣደ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ቡና ይሸጣሉ። ሲኒው እንደኛው እጀታ የለውም። ስኳርም የለም፤ በምትኩ የኦቾሎኒ ከረሜላ ይሰጡሃል። ቡናው ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ለእናቴ ባልነግራት ይሻላል።

ሰዓት ጠየቅኳቸው። «ሳ ታቱ» አሉኝ። ሦስት ሰዓት! ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ከአገር ወጥቼ ሰዓት ሳልቀንስ ሳልደምር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግሊዞች የዛንዚባሩ ሱልጣን ኻሊድ ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጣ የሰጡት ቀነ ገደብም ሦስት ሰዓት ነበር፤ ነሐሴ 22 ቀን 1888 ዓ.ም.። ጥፋቱ የእንግሊዝን ቆንስል ሳያስፈቅድ ዙፋን ላይ መውጣቱ ነው። ዛንዚባር ከ1882 ጀምሮ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። ጀርመን ከእንግሊዝ ሄሊጎላንድ የምትባል ደሴት ተሰጥቷት ከዛንዚባር እጇን ሰብስባለች። ደሴት በደሴት። ባለቤቶቹን ማን ጠየቀ?

ሦስት ሰዓት ከሁለት ላይ መድፉ ተጀመረ። ወደቡ ላይ አምስት የጦር መርከቦች ተደርድረዋል። ቤተ መንግሥቱ ደግሞ አብዛኛው እንጨት። የሱልጣኑ መርከብ ግላስጎው ሰጠመች፤ ምሰሶዎቿ ለዓመታት ከውኃው በላይ ይታዩ ነበር። ሁሉም ነገር 38 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። እናቴ ቡና ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አቦሉን እስክትቀዳ ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። በዛንዚባር በኩል 500 ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ። በእንግሊዝ በኩል አንድ መርከበኛ ቆሰለ። ኻሊድ ጀርመን ቆንስላ ገብቶ ተረፈ።

ቀኑን ሳሰላው ከአድዋ ስድስት ወር ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶታል። ለሽማግሌው ስነግራቸው ትንሽ ጉራ ሳይኖርብኝ አልቀረም።

«እናንተ ተራራ ነበራችሁ» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ባሕሩ እየጠቆሙ። «እዚህ መርከቡ ደጅህ ድረስ ይመጣል።»

መልስ አጣሁ። ሁለተኛ ሲኒ ቀዱልኝ፤ ሂሳቡን አልቀበልም አሉ። የታክሲው ንዴት ያኔ ለቀቀኝ። ግማሹ።