የጎረቤቴ ስም መገናኛ

ጎረቤቴ የ84 ዓመት ሴት ናቸው። የምንኖረው በእንግሊዝ አገር፣ በምሥራቅ ላንካሻየር፣ ድሮ የጥጥ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንደ ደን ቆሞባቸው ከነበሩት ከተሞች በአንዷ ነው። «በስሜ ጥሪኝ» ቢሉኝም አንደበቴ እሺ ስላላለኝ «እማማ» እላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ፖስተኛው የእሳቸውን ደብዳቤ በእኛ በር አስገብቶት ኖሮ፣ ልሰጣቸው ስሄድ ፖስታው ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ቤርትዊስትል።»

«ሁለተኛዋ ቲ አትነበብም፤ ቤርትዊስል ነው» ብለው አረሙኝ።

እኔም ማንኛውም ሐበሻ የሚጠይቀውን ጠየቅኩ፦ «ምን ማለት ነው?»

እንደዚያ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰቡና «አባቴ የወፍ ፉጨት ማለት ነው ይል ነበር» አሉኝ። ቀጠሉና፣ ዛሬም ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ፣ «ለማንኛውም እኔ ጋ ያልቃል። ወንድም አልነበረኝም፣ አላገባሁም፣ አልወለድኩም» አሉ።

ስም ያልቃል የሚለው ነገር ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም ስለሆነ በየትውልዱ ይለወጣል፤ የአያቴን ስም ልጆቼ አይጠሩበትም፣ ስለዚህ የሚያልቅ ነገር የለም። እንግሊዞች ዘንድ ግን ያው ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ይሄዳል፤ ሴቷ ስታገባ በልማድ የባሏን ትወስዳለች። እንደዚህ ከሆነ ሴት ልጆች ብቻ በተወለዱበት ቤት የስሙ መስመር ይቆማል። ፍራንሲስ ጎልተን የሚባል ምሁር በ1873 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ይህንኑ ጥያቄ ለሒሳብ ሰዎች አቅርቦ ነበር፤ ሄንሪ ዋትሰን የተባለ ቄስ ስሌቱን ሠራለትና በ1870ዎቹ አጋማሽ አብረው አሳተሙት። ብዙ ሰው የያዘው ስም ቤቶች ቢጠፉበትም ሌሎች ይሸከሙታል፤ ጥቂት ሰው የያዘው ግን ሁለትና ሦስት ትውልድ ካልቀናው አለቀለት።

ይህን ሳነብ ነው የእማማን ስም ከነሥሩ ላገኝላቸው የቆረጥኩት።

የጀመርኩት በስህተት ነበር። «የወፍ ፉጨት»ን ተቀብዬ ተነሣሁ። በዛሬው እንግሊዝኛ ቃሉን ስትሰሙት በእርግጥም ወፍና ፉጨት ጎን ለጎን የተቀመጡ ይመስላል፤ ስሙን «ቤርድዊስል» ብለው የሚጽፉ ቤተሰቦችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በሰውነት እንቅስቃሴ መግባባትን ያጠናው፣ በ1994 የሞተው አንትሮፖሎጂስት ሬይ ቤርድዊስል ስሙ እንደዚያ ነው። ጆሮ የማያውቀውን ቃል ሲሰማ ወደሚያውቀው ቃል ይጎትተዋል። እኔም ተጎተትኩ።

ከስህተቴ ያወጣኝ የአውቶቡስ ታፔላ ነው። በሥራ መንገዴ የሚያልፈው አውቶቡስ ግንባሩ ላይ ኦስዋልድትዊስል ተብሎ ተጽፎበታል። ለዓመታት አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን አላየሁትም ማለት ይቻላል። የዚያን ቀን ግን ቆሜ አነበብኩት፦ ኦስዋልድ-ትዊስል። የእማማም ስም መቆረጥ ያለበት «ቤርት-ዊስል» ተብሎ ሳይሆን «ቤር-ትዊስል» ተብሎ ነበር! ወዲያው ኤንትዊስል፣ ኤክስትዊስል፣ ቲንትዊስል የሚባሉ ሌሎች ቦታዎች አገኘሁ፤ ሁሉም ከፔናይን ተራሮች በስተምዕራብ ናቸው። «ትዊስላ» የጥንት እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ሁለት ጅረቶች የሚጋጠሙበት፣ እንደ ባላ እንጨት የተሰነጠቀ ቦታ ማለት ነው። በአጭሩ መገናኛ። ፉጨት የሚባል ነገር የለበትም።

የመጀመሪያው ክፍል «ብሪድ» ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ጫጩት፣ ገና ያልበረረ ወፍ ማለት ነበር። ዛሬ ወፍን «በርድ» የሚሉት ይኸው ቃል «ር» ቦታዋን ለውጣባቸው ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ክብሪት የሚልም ክርቢት የሚልም ሰው በአንድ ቤት ይኖራል። ስለዚህ የእማማ አባት ግማሹን በትክክል ይዘውት ነበር፤ ወፏ አለች። ጫጩቶች የሚበዙበት የጅረት መጋጠሚያ።

ከዚህ ያገኘሁትን ትምህርት አሁን በማንኛውም ስም ላይ እሠራበታለሁ፦ ስም በዛሬው ጆሮ አይተረጎምም። የተጻፈበትን ጥንታዊ መልክ ፈልጉ፣ ከዚያ በአካባቢው እሱን የሚመስል የቦታ ስም እንዳለ እዩ። መዝገበ ቃላት የከፈትኩት ከአውቶቡሱ በኋላ ነው፤ በ2016 ኦክስፎርድ ያሳተመው የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ከ45,000 በላይ ስሞችን ይዟል፣ በብዙ ቤተ መጻሕፍትም ይገኛል።

ቀጥሎ ቦታውን ፈለግኩ። ቤርትዊስል በበርንሊና በአክሪንግተን መካከል ባለችው በሃፕተን ቀበሌ ውስጥ የነበረ ትንሽ መንደር ነው። ነበረ እላለሁ፤ ዛሬ የለም። መንደሩ ጠፍቶ ስሙ በሰዎች ላይ ቀረ። ይህን ባወቅኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰው ሲጠፋ ስሙ በቦታ ላይ ሲቀር ነበር የማውቀው።

እንዴት ወደ ሰው ተሻገረ ለሚል፣ ነገሩ እኛም የምናውቀው ነው። ጎንደር ውስጥ ማንም ሰው ጎንደሬው አይባልም፤ ጎንደሬው የሚባለው ሸዋ ወይም ጅማ ሲገባ ነው። ቤርትዊስል ውስጥም ሁሉም የቤርትዊስል ሰው ስለነበር ስሙ ለመለያ አይሆንም፤ ከዚያ ወጥቶ አጎራባች መንደር የገባው ሰው ነው «የቤርትዊስሉ ጆን» የሚባለው። በላንካሻየር እንዲህ ያለው መጠሪያ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ የጸናው በአብዛኛው በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ነው። በዚህ ክፍለ ሀገር ደግሞ ስም የሰጡት ትልልቅ ከተሞች ሳይሆኑ ሁለትና ሦስት ጎጆ ያላቸው ሰፈሮች ስለሆኑ፣ ብዙዎቹ ስሞች የጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልግባ፤ የደከምኩት እዚህ ላይ ነው። ከእማማ ጋር ቡና እየጠጣን የሚያውቁትን አስቆጠርኳቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ሰባት ትውልድ አስጠንተውኛል፤ እሳቸው አያታቸው ላይ ቆሙ። አያታቸው ዊልያም የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። እንግሊዝ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ቶማስ ክሮምዌል በ1538 ባዘዘው መሠረት በየደብሩ የተጻፈው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በየአሥር ዓመቱ ደግሞ የሕዝብ ቆጠራ አለ፤ ከ1841 ጀምሮ የያንዳንዱን ሰው ስም ይዟል፣ ለሕዝብ የሚከፈተውም ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የ1921ዱ በ2022 ተከፍቷል። የ1931ዱ በእሳት ስለተቃጠለ መቼም አይመጣም።

ዊልያምን ቶሎ አገኘሁት ብዬ ገንዘብ ከፍዬ የልደት ምስክር ወረቀቱን አስመጣሁ። የሌላ ዊልያም ነበር። በዚያው ወረዳ፣ በተቀራረበ ዓመት የተወለደ ሌላ ዊልያም ቤርትዊስል! ብርቅ የሆነ ስም አሳሳች ነው፤ በአገር ደረጃ ጥቂት ስለሆነ «ሌላ ሊኖር አይችልም» ትላላችሁ። ግን ጥቂቶቹ ሁሉ የታጨቁት አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ልጆቻቸውንም በየአያቶቻቸው ስም ዊልያም፣ ጆንና ጄምስ እያሉ ነው የሚጠሩት። የዋናው መዝገብ ቤት የኢንተርኔት ማውጫ ከ1837 ጀምሮ ባሉት ልደቶች ላይ የእናትን የልጅነት የቤተሰብ ስም ያሳያል፤ ያንን ከእማማ አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቤ አይወጣም ነበር። እናትየውን ሳልይዝ አንድም ወረቀት አላዝዝም።

ሁለተኛው ድካም የፊደል ነው። ጸሐፊው የሰማውን ነው የሚጽፈው፣ ባለ ስሙም ብዙ ጊዜ ማንበብ የማይችልና በመስቀል ምልክት የሚፈርም ነበር። በርትዊስል፣ ብርትዊዝል፣ ቤርትዊሰል፣ በ«ኤች» ያለውና የሌለው፣ አንዱ ሰው ሲጠመቅ በአንድ መልክ ሲቀበር በሌላ ይጻፋል። በአንድ ፊደል አጻጻፍ ብቻ ስፈልግ ሦስት ሳምንት አቃጠልኩ። በኋላ የተማርኩት፣ በሚጠረጠሩት ፊደላት ቦታ የኮከብ ምልክት እያስገባሁ መፈለግን ነው፤ መዝገቡ ያን ጊዜ ተከፈተልኝ። ደብሩንም ስቼ ነበር። ሃፕተን በድሮው አከፋፈል በሰፊው የዎሊ ደብር ሥር ስለሆነች መዝገቦቹ በዎሊም፣ በፓዲሃምም፣ በሌሎች ትናንሽ ጸሎት ቤቶችም ተበትነዋል። የላንካሻየር ኦንላይን ፓሪሽ ክለርክስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ብዙውን ገልብጠው በነፃ አኑረውታል፤ ላልተገለበጠው ፕሬስተን የሚገኘው የላንካሻየር ቤተ መዛግብት አለ።

ስሙ የት የት እንዳለ ለማየት የ1881ዱን ቆጠራ ተጠቀምኩ፤ ሙሉ ማውጫው በነፃ የሚገኝ ነው። ያገኘሁትን በካርታ ላይ በነጥብ ምልክት አደረግኩ። አብዛኛው ነጥብ በአክሪንግተን፣ በብላክበርን፣ በበርንሊና በዙሪያቸው ተከመረ። ከጠፋው መንደር በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው! ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ብዙዎቹ ከአንድ ቀን መንገድ በላይ አልሄዱም። የጥጥ ሥራው እዚያው አቆያቸው፤ እንጀራው ባለበት ስሙም ተቀመጠ።

የሄዱት ግን ርቀው ሄደዋል፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት የእነሱን ታሪክ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ስኪፕተን የሚኖር «ኤች» ጨምሮ የሚጽፍ የቤርትዊስል ቤተሰብ ነበር፤ ሥራው የከብት ንግድ ነው። ከስኮትላንድ ደጋና ደሴቶች ድረስ ከብት እየነዱ አምጥተው ማለም አጠገብ ግሬት ክሎስ በሚባለው ሰፊ መስክ ያሳርፉ ነበር። ቶማስ ኸርትሊ የተባለ የማለም መምህር በ1786 እንደጻፈው፣ በአንድ ጊዜ 5,000፣ በአንድ በጋ እስከ 20,000 ከብት እዚያ መስክ ላይ ይታይ ነበር። ይኸው ቤተሰብ በ1780ዎቹ ስኮትላንድ ውስጥ ጌትሃውስ ኦቭ ፍሊት በምትባል ከተማ የጥጥ ፋብሪካ አቋቁሟል። እማማ ይህን ስነግራቸው «እኛ ሸማኔ ብቻ መስለን!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ። አክሪንግተን ተወልዶ በ2022 ያረፈውን የሙዚቃ ደራሲ ሰር ሃሪሰን ቤርትዊስልን ግን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

«ታዲያ ሁላችንም ዘመድ ነን?» አሉኝ። ለዚህ መልስ የሰጠኝ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባወጡት ሥራ 40 የብሪታንያ ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶችን ዋይ ክሮሞሶም መረመሩ፤ ይህ በሰውነት ውስጥ ያለ የዘር ተሸካሚ እንደ ቤተሰብ ስም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ነው። እንደ ስሚዝ ባለ ብዙ ሰው በያዘው ስም ሰዎቹ ከማንም አይለዩም፤ ስሙ ብርቅ እየሆነ ሲሄድ ግን አንድ አባት የመጋራት ዕድላቸው ይጨምራል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 ያወጡት ደግሞ ልቤን ነካው። ከምሥራቅ ዮርክሻየር የመጣ አንድ ብርቅ ስም ከያዙ 18 ወንዶች መካከል ሰባቱ የምዕራብ አፍሪካ ዘር ምልክት ተገኘባቸው። የሰባቱ የዘር ሐረግ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዮርክሻየር ወደነበሩ ሁለት አባቶች ይደርሳል። ነጭ ሆነው፣ የእንግሊዝ ስም ይዘው፣ አፍሪካዊ አባት እንዳላቸው ሳያውቁ ኖረዋል። ስለዚህ ለእማማ «ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ስሙ ብቻውን ግን አይመሰክርም» አልኳቸው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። መጀመሪያ አካባቢ ከአንድ የስጦታ ሱቅ «የቤርትዊስል ቤተሰብ አርማ» የሚል ጋሻ የተሳለበት ሰሌዳ ገዝቼላቸው ነበር። እንግሊዝ ውስጥ አርማ ለአንድ ሰው ይሰጥና ለዘሩ ይወርዳል፣ ለስም አይሰጥም፤ ይህን የሚጠብቀው ከ1484 ጀምሮ ያለው የአርማ ኮሌጅ ነው። ያንን ሳውቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ሰሌዳውን ከግድግዳቸው አወረዱት፣ ቦታውም ባዶ ቀረ።

ባለፈው ግንቦት ባለቤቴ በመኪና ሃፕተን ወሰደን። እማማ ሁለት ጣቢያ ብቻ በሚያስኬድ ባቡር የሚደረስበትን አገር አንድም ቀን ረግጠውት አያውቁም ነበር። መንገድ ዳር ቆመን የድንጋይ አጥሩን፣ በጎቹን፣ ወደ ሰሜን የፔንድልን ተራራ አየን። የ1881ዱን ካርታ ከፍቼ ነጥቦቹን አሳየኋቸው፣ ዛሬም በእነዚያው ከተሞች ስሙን የያዙ ቤቶች እንዳሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ጋ የሚያልቀው የአባቴ ቤት ነው እንጂ ስሙ አይደለም» አሉ።

ስንመለስ ስማቸውን በአማርኛ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። በትልቁ ጻፍኩላቸው፦ ቤርትዊስል። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ስድስት። በእንግሊዝኛው አሥር ነው። «ያቺ ቲ የት ሄደች?» አሉኝ። እኛ የምንጽፈው የሰማነውን ነው አልኳቸው። ሳቁና «እንግዲያው አንቺም እንደ ዎሊ ደብር ጸሐፊዎች ነሽ፤ ዝርዝርሽ ላይ ይህንንም ጨምሪው» አሉኝ። ጨመርኩት። ወረቀቷ አርማው በወረደበት ቦታ ተሰቅላለች።