ቁልቁለት ላይ ማርሽ አታውጡ፦ ከጎንደር የመኪና ጥናቴ እዚህ ደርሷል

መኪና እንዴት እንደሚሠራ በትርፍ ጊዜዬ ማጥናቴን ቀጥያለሁ። የሞተሩን ክፍል ጨርሼ አሁን ፍሬን ላይ ነኝ። ጎንደር ለሚኖር ሰው እንዲያውም መጀመር ያለበት ከፍሬን ነው ባይ ነኝ። ከተማችን ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። በደባርቅ አድርጋችሁ ሊማሊሞን ብትወርዱ፣ ወይም ወደ መተማ ብትሄዱ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቃችኋል።

የሞተሩን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ደግሞ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበትም ይቀንሳል። ተርቦ ያለው መኪና አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይቸገርም። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው አሮጌ ባጃጅ ግን ለደጋው ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከአዘዞ የሚነሳው አውሮፕላንም ትግሉ ከዚሁ አየር ጋር ነው። ክንፉ የሚያነሳውን ጉልበት እስኪያገኝ በባሕር ጠለል ላይ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ ይልቅ ረዘም አድርጎ መሮጥ አለበት።

አሁን ወደ ፍሬን። ዳገት ስንወጣ ነዳጅ እናቃጥላለን። ከዚያ ጉልበት ከፊሉ በከፍታው ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ስንወርድ መመለሱ አይቀርም። ፍሬን ከያዝን ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስሌቱ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፦ ክብደት ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በከፍታ።

ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ የሚመዝን ባጃጅ 100 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 588 ኪሎጁል ይለቃል። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እዚያ ለማድረስ 306 ኪሎጁል ይበቃል። ባጃጇ እንግዲህ ወደ 2 ሊትር ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ይዛ ወረደች ማለት ነው። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1000 ሜትር ሲወርድስ? ከ300 ሊትር በላይ! ይህን ስሌት ስጨርስ ደግሜ አሰላሁት፤ ለማመን ከብዶኝ ነበር። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይካፈሉታል። ሌላ የሚያግዘው ከሌለ የቀረው በሙሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራውና ሸራው በሚታከከው ብረት ላይ ነው።

ፍሬን ከልክ በላይ ሲግል መጀመሪያ ሸራው መያዙን ይቀንሳል። ብትረግጡትም ይንሸራተታል። በዘይት ለሚሠራ ፍሬን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ጥያቄዬን ሳይሰለቹ የሚመልሱልኝ አንድ የጋራዥ ባለሙያ አሉ። «ይኼ ዘይት እኮ ውሃ ይጠጣል፣ ልጄ» አሉኝ። እውነትም የፍሬን ዘይት ቀስ በቀስ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል። እርጥበት ከገባው ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይገባል፣ ጎማው ጋ ግን ምንም አይደርስም። ዘይቱን በጊዜው ማስቀየር ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ትላልቆቹ መኪኖች በአየር ፍሬን ነው የሚሠሩት። መነሻው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. ለባቡር ያወጣው ፍሬን ነው። ዛሬ አየሩ ሲያልቅ ጠንካራ ሞላ ራሱ ፍሬኑን ይይዛል። ሸራው ከጋለ ግን እነሱም ያው ናቸው።

ታዲያ መፍትሔው ማርሽ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጁ ፔዳል ላይ ስታነሱ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ሞተሩም አየር ለመሳብና ለመግፋት ሲታገል መኪናውን ይይዘዋል። ማርሹ ዝቅ ባለ ቁጥር አያያዙ ይጠነክራል። ናፍጣ ሞተር ብቻውን አያያዙ ላላ ስለሚል፣ ብዙ የጭነት መኪኖች የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ተጨማሪ ፍሬን አላቸው።

አንዳንድ ሹፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በባዶ ማርሽ ይለቁታል። ሞተር የሚያጠፋም አይጠፋም። ነዳጅ እንዲህ ሲወደድና ሲጠፋ ለምን እንደሚያደርጉት ይገባኛል። ግን በኢንጀክሽን የሚሠራ፣ ማለትም ነዳጁን ኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭለት መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋዋል። በባዶ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን አያቆምም። አሮጌው ካርቡራተር ላይ ትንሽ ይቆጠብ ይሆናል፤ ለሰው ነፍስ የሚመጥን ቁጠባ ግን አይደለም። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፔዳሉን የሚያቀልላችሁ የፍሬን አጋዥም ትንሽ ረግጣችሁት ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። እባካችሁ ለምታውቁት ሹፌር ሁሉ ንገሩ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ብዙ ያነጋግራል። ለደጋ ሰው ሁለት ትልቅ ጥቅም አለው። ሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። ሲወርድ ደግሞ ያው ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። የወጣው ሁሉ አይመለስም፤ ግን የሚመለሰው ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ባትሪው ቀድሞ ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ይህ አያያዝ ይቀንስና ሥራው እንደገና ለሸራው ይቀራል። ስለዚህ ሊማሊሞን ለመውረድ ደባርቅ ላይ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ መቶ በመቶ አትሙሉት።

ቀጥዬ የማጠናው ይህንኑ ነው። ከእናንተ ውስጥ በኤሌክትሪክ መኪና ወደ መተማ የወረደ ካለ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምርና ሲያልቅ ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደነበር ቢነግረኝ ከስሌቴ ጋር አስተያየዋለሁ።