መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ላፕቶፕ

መገናኛ አካባቢ በምሠራበት የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አንድ ላፕቶፕ በሁለት ወር ውስጥ ተመላልሶ አስቸግሮኝ ነበር። ባለቤቲቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ማሽኑ ከቤታቸው ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ እንደተገናኘ የሚውል ሲሆን፣ ዋና አገልግሎቱም ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው የምትልከውን የልጅ ልጆቻቸውን ቪዲዮ ማየትና የቤተሰቡን የሠርግ ቪዲዮ ለእንግዳ ማሳየት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይዘውት ሲመጡ፣ «ቪዲዮው ይቆራረጣል፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «መብራት ሲጠፋ ግን ይሻለዋል፣ ልጄ» አሉ። የመጀመሪያውን በመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፤ ሁለተኛውን «እሺ እማማ» ብዬ አለፍኩት። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ የማውቀው ሁሉ የእርሳቸውን አባባል የሚቃረን ነበር።

በፍላሽ ያመጧቸውን ቪዲዮዎች ስከፍት ደግሞ ምክንያቱን ወዲያው ያገኘሁ መሰለኝ። ከአሜሪካ የተላኩት በአዲስ አይፎን የተቀረጹ፣ ባለ 4ኬ (እጅግ ከፍተኛ) ጥራት፣ በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያላቸውና ኤችኢቪሲ በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የታመቁ ፋይሎች ናቸው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ማሽኑ እያንዳንዱን ምስል ፈትቶ ለማሳየት ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ብቻ አለው ማለት ነው። የእርሳቸው ላፕቶፕ የ5ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ነው፤ ኤችኢቪሲን በሃርድዌር፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ የቺፕ ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ መፍታት የተጀመረው በ6ኛው ትውልድ ሲሆን፣ የዘመኑ አይፎኖች በኤችዲአር (ብርሃንና ቀለምን አስፍቶ በሚይዝ አቀራረጽ) ሲቀርጹ የሚጠቀሙበት ባለ 10 ቢቱ ዓይነት የተጨመረው በ7ኛው ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ሥራ የሚሸከመው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው፤ አቅሙም አይችልም። ፋይሎቹን ቀለል ወዳለው የቆየ ማመቂያ ወደ ኤች 264 እና ዝቅ ወዳለው 1080 ጥራት ለወጥኳቸው፤ ልጃቸውም ከስልኳ ካሜራ ማስተካከያ ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» (ከብዙ ማሽን ጋር የሚስማማ) የሚለውን እንድትመርጥ መልእክት ጻፍኩላቸው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያለ እንከን ተጫወተ። ይህ ትንታኔ እስካሁንም ትክክል ነው፤ ችግሩ ማሽኑ የታመመው በዚህ አለመሆኑ ነው።

በሳምንቱ ተመለሱ። አሁን የሠርጉ ቪዲዮም ሳይቀር ይቆራረጣል። የሠርጉ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው ተራ ኤች 264 ነው፤ እንኳን 5ኛ ትውልድ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትም ያጫውቱታል። እዚህ ላይ ቆሜ ማሰብ ሲገባኝ ዕቃ ወደ መቀየር ገባሁ። ማሽኑን ከፍቼ አቧራውን አጸዳሁ፤ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት አደስኩ፤ ሃርድ ዲስኩን ፈጣን በሆነው ኤስኤስዲ ማከማቻ ቀየርኩ፤ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግኩ፤ ዊንዶውሱንም እንደ አዲስ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ከዲስክ የሚፈልገው በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንኳን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያነባል። ይህን እያወቅሁ ኤስኤስዲ መሸጤን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሥራው ሲያልቅ የሠርጉን ቪዲዮ በቪኤልሲ ማጫወቻ ከፍቼ፣ ኮንትሮልን ከጄ ጋር ተጭኜ፣ በሚመጣው የስታቲስቲክስ ገጽ ላይ የጠፉ ፍሬሞችን ቁጥር ለአንድ ሰዓት ተከታተልኩ። ዜሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነው። «ልጄ፣ እዚያ አንተ ጋ ሲሆን ይሠራል፤ እኔ ጋ ሲመጣ እንደ በፊቱ ነው» አሉ። በማግስቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ማሽኑ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር። ገና ሳላነበው አጠገቤ የነበረው ሌላው የልጅ ልጃቸው ኤፍ 1ን ተጭኖ አሳለፈው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚያደርግም ነገረኝ። ሱቅ ውስጥ ይህ ጽሑፍ አንድም ጊዜ መጥቶ አያውቅም። ቪዲዮውን ስከፍት በእርግጥም ተቆራረጠ፤ የጠፉት ፍሬሞች በደቂቃ ውስጥ ከመቶ በላይ ሆኑ። የማሽኑን የሥራ ጫና በሚያሳየው ታስክ ማኔጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ተይዟል፤ ፍጥነቱ ግን 0.79 ጊጋኸርዝ ላይ ቆሟል። የዚህ ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነት 2.2 ነው። ሙቀት ይሆናል ብዬ እጄን ከሥሩ ባደርግ ቀዝቃዛ ነው፤ ፋኑም በዝግታ ይዞራል። በሙቀት ፍጥነቱን የቀነሰ ማሽን እንዲህ አይሆንም።

«እስቲ ከሶኬቱ ንቀለው» አሉ ባለቤቲቱ ከኋላዬ። «መብራት ሲጠፋ ይሻለዋል አላልኩህም?»

ነቀልኩት። ፍጥነቱ ወዲያው ወደ 2.5 ጊጋኸርዝ ወጣ፤ ቪዲዮውም እንደ ውኃ ፈሰሰ። መልሼ ስሰካው ወደ 0.79 ወረደ።

ቻርጀሩ የማሽኑ የራሱ ነው፤ ገመዱ ግን ላፕቶፑ ላይ ከሚሰካው ጫፍ አጠገብ ታጥፎ ተሰብሯል፤ በጥቁር ናስትሮም ተጠቅልሏል። በዚህ ዓይነት ቻርጀር ጫፍ መሐል ላይ አንድ ቀጭን መርፌ አለ። ኃይል የሚያስተላልፍ አይደለም፤ ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ በእርሱ በኩል «እኔ የዚህን ያህል ዋት ነኝ» ብላ ለማዘርቦርዱ የምትናገርበት ነው። ገመዱ ሲጎዳ ቀጭኑ የመረጃ ሽቦ ቀድሞ ይበጠሳል፤ ወፍራሞቹ የኃይል ሽቦዎች ግን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ማንነቱ ግን አይነበብም። ማዘርቦርዱም አቅሙን ከማያውቀው ቻርጀር ብዙ ኃይል ላለመሳብ ሲል ባትሪ መሙላቱን ያቆማል፤ ፕሮሰሰሩንም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ያወርደዋል። ባትሪ ላይ ሲሆን ይህ ጥንቃቄ ስለማያስፈልገው ይለቀዋል። ገመዱ አንዳንዴ አቀማመጡ ሲመቸው ሽቦው ይነካካና ባትሪው ይሞላል፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥሩ ቪዲዮ ያዩ የነበረውም በዚያ ነው። ኤፍ 1 እየተጫኑ ያልፉት የነበረው ማስጠንቀቂያም የቻርጀሩ ዓይነት ሊታወቅ አልቻለም የሚል ነበር።

ጥፋቱ ከላፕቶፑ መሰኪያ ሊሆንም ስለሚችል፣ በቦርሳዬ የያዝኩትን ባለ 65 ዋት ቻርጀር ሰክቼ አየሁ፤ ፍጥነቱ አልወረደም፣ ባዮስ (የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥም ዋቱ በትክክል ተነበበ። ይህን ገደብ በሶፍትዌር የሚያነሱ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አላደርገውም፤ ፕሮሰሰሩን የሚገታው ምልክት ከሌሎች የማሽኑ ክፍሎች የሚመጣውን የሙቀት ማስጠንቀቂያም ስለሚያደርስ፣ እርሱን መዝጋት አብሮ መከላከያውን መዝጋት ነው።

ሱቅ ውስጥ ለምን እንዳልታየኝ ለመረዳት ከዚያ በኋላ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ላፕቶፑን ብቻ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ጠረጴዛችን ላይ ባለው ደህና ቻርጀር እንሰካዋለን። ሁለቱንም ጊዜ ማሽኑን የፈተንኩት በሽታውን ቤት አስቀርቼ ነው።

አዲስ ቻርጀር ገዛሁላቸው፤ የራሙን ዋጋና የሁለተኛውን ጊዜ የእጅ ዋጋ መለስኩላቸው። ኤስኤስዲውን ላወጣው ስል፣ «ተወው፣ ቶሎ ይከፈትልኛል» ብለው ዋጋውን አልቀበልም አሉ። የመረከቢያ ወረቀታችን ላይ አሁን «ቻርጀር» የሚል አንድ መስመር ተጨምሯል። ደንበኞች ግን ይዘው እንዲመጡ ሲነገራቸው እስከ ዛሬ፣ «እናንተ ጋ የለም እንዴ?» ይላሉ።