የማን ዘጠኝ ሰዓት?

ዛሬ ከፍቶኛል። ምክንያቱ ትንሽ ነው፤ ሲጻፍ ደግሞ የባሰ ያንሳል። ትናንት ሌሊት አትላንቲክን የምናቋርጥባትን ጀልባ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስነው። የመለስነው በእኔ ተራ መሃል ነው። የሦስት ሰዓት ጥበቃዬ አራት ሆነ ማለት ነው። ካፒቴኑ አንድ ሰዓት እንቅልፍ ተመረቀለት፤ እኔ አንድ ሰዓት ጨለማ። "የሚቀጥለው በእኔ ተራ ይሆናል" አለኝ ጠዋት፣ ቡናውን እየጠጣ። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ቡናውን ያየሁት በዓይኔ ብቻ ነው።

ይህንን በደንብ ላማርርበት ነበር ደብተሩን ያወጣሁት።

ከላስ ፓልማስ (ካናሪ ደሴቶች) ስንነሣ ሰዓታችን ከግሪንዊች፣ ከዓለም ሰዓት መነሻ፣ ጋር እኩል ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ምዕራብ በሄድን በየ15 ዲግሪ ኬንትሮሱ አንድ አንድ ሰዓት እየጣልን ነው። አሁን ሦስት ጥለናል፤ የካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ሉሺያ ስንደርስ አራት ይሞላል። መንገዱ በጠቅላላ ወደ 2,700 የባሕር ማይል ነው። ነፋሱ ደህና ነው፣ ከኋላ ይገፋናል። በቀን ወደ 130 ማይል እንሄዳለን። ይህ ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የአገሬ ማራቶን ሯጭ በእጥፍ ይቀድመናል።

ግን በዚህ ዝግመታችንም ቢሆን ፀሐይን እያስዘገየናት ነው። ሰዓቱን ካልነካነው በየቀኑ ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይታ ትጠልቃለች። ለሌላው ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ምንም አይደለም። ለጾመኛ ግን ብዙ ነው።

የመርከበኞች አንድ የቆየ አባባል አለ። ከአውሮፓ ወደ ካሪቢያን የሚሄድ ሰው ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፍ ይላሉ። ቋሚው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚገኘው እዚያ ሙቀቱ ጋ ነውና። ካፒቴኑ ይህንን ሲነግረኝ ኅዳር 15 አልፎ ነበር። "የገና ጾም ገብቷል እኮ፣ በምን እንወቅ?" አልኩት። አልሳቀም። በኋላ ሲገባው ለብቻው ሳቀ።

እኔ የምጾመው እስከ ዘጠኝ ነው። የነፍስ አባቴን ከመነሣታችን በፊት በስልክ አማክሬያቸው "ልጄ፣ እንደ አቅምሽ" ብለውኛል። አቅሜ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ ግን አልነገሩኝም። ስንቄ ሞልቷል፤ በሶ አለኝ፣ ድርቆሽ አለኝ፣ ሽሮ አለኝ። ለባሕር ጉዞ እንደ ድርቆሽ ያለ ምግብ አላየሁም። አይሻግት፣ ቦታ አይፈጅ። ሽሮው ነው ፈተና። ምድጃው እንደ ዥዋዥዌ ተንጠልጥሎ ከጀልባዋ ጋር ይወዛወዛል፤ ድስቱ እንዳይወድቅ በብረት ተይዟል። ሽሮ ደግሞ ቆሞ በሚውል ወጥ ቤት ውስጥ እንኳ እየፈነጠቀ ክንድ የሚያቃጥል ነገር ነው። እዚህ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ነጠብጣቡ አለ። አንዱን ትናንት በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት፤ ደርቆ እንደ ቀለም ተጣብቋል።

ትንሹ ልጅ ማሂ ማሂ የሚባል ዓሣ ያዘ። ከውኃ ሲወጣ ወርቅና አረንጓዴ ነበር፣ ያብረቀርቃል። ከዚያ ዓይናችን እያየ ቀለሙ እየጠፋ ግራጫ ሆነ። ልጁ ደነገጠ፤ መልሰን እንጣለው አለ። ሲጠበስ ግን ከሁሉም በላይ የበላው እሱ ነው። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ እኛ ቤት አንዴ ከተጀመረ እስከ ፋሲካም አያልቅ። እኔ አልበላሁም። ከእምነት ይሁን ከእልህ እንጃ።

እና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድርቆሼን አርሼ ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቅሁ ሳለ የእህቴ መልእክት በሳተላይት መጣ። "ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ እማዬ ልትተኛ ነው። በልታለች ወይ ትላለች።" ቀና ብዬ ከካርታው ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለውን የነሐስ ሰዓት አየሁ። እሱም ሦስት ሰዓት ይላል። መጀመሪያ የመሰለኝ ቆሟል ነው። ጠጋ ብዬ አዳመጥኩት፤ ይሠራል።

የትልቋን ልጅ እርሳስ ተቀብዬ ቁጭ አልኩ። አዲስ አበባ አሁን ከእኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስድስቱ ከስድስቱ ጋር ተጣፋ! ስለዚህ ሰዓታችን ከግሪንዊች ሦስት ወደ ኋላ እስከሆነ ድረስ የካፒቴኑ የነሐስ ሰዓትና የእማዬ የግድግዳ ሰዓት አንድ ነገር ነው የሚያሳዩት። እሷ ጋ ሲመሽ እኛ ጋ ቀን ከመሆኑ በቀር። አትላንቲክ መሃል፣ ምንም መሬት በማይታይበት ቦታ፣ እማዬ ሳሎን የገባሁ መሰለኝ።

ፈተናው ነገ ጠዋት ነው። ነገ ልጆቹ ፓንኬካቸውን ማር እየቀቡ ሲበሉ የነሐሱ ሰዓት ዘጠኝ ይላል። የእማዬም ሰዓት ዘጠኝ ይላል፤ እሷ ጋ ደግሞ ትክክለኛው ዘጠኝ ነው፣ ጾመኛው ሁሉ ገበታ የሚቀርብበት። ሁለቱም ሰዓቶች "ብዪ" ሲሉኝ ፀሐይ ብቻዋን "ቆዪ" ልትለኝ ነው። የጸሎት መጽሐፌን አገላብጬ አየሁ። ስለ ኬንትሮስ የተጻፈ ነገር የለም።

ለካፒቴኑ ስነግረው ዓይኑ በራ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ይበራል፣ እኔ ስናደድ ግን አይበራም። ይተርክልኝ ጀመር። ድሮ መርከበኞች ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ እንደሄዱ ከፀሐይና ከኮከብ ከፍታ ያውቁ ነበር። ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄዱ ለማወቅ ግን የአገር ቤታቸውን ሰዓት ሳይዛባ ይዘው መዞር ነበረባቸው፤ የሚወዛወዝ መርከብ ላይ ደግሞ የዚያን ጊዜ ሰዓት ሁሉ ይዛባል። ጆን ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ አናጢ ዕድሜውን እዚህ ላይ ፈጀ። በፈረንጆቹ 1761 ልጁ ዊልያም የአባቱን ሰዓት ይዞ ለሙከራ ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። የአገር ቤቱ ሰዓት ከመርከቡ ፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የት እንዳለህ ይነግርሃል።

"እንግዲያው የእናቴ ሰዓት ካለኝ ጂፒኤስ አያስፈልገኝም" አልኩት።

"ጂፒኤሱ በልተሻል ወይ አይልም፣ እሱን ተዪልኝ" አለኝ። ከእማዬ ጋር በስልክ ማውራት ከጀመረ ወዲህ የሚጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ ያውቀዋል።

ለእህቴ "አሁን ልበላ ነው፣ ንገሪያት" ብዬ መለስኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። "እስከዚህ ሰዓት? አብደሻል? እማዬ ተነሥታ ቁጭ ብላለች።" እዚህ ገና ቀን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። "ታዲያ ቀን ከሆነ ምን ያስቸኩልሻል፣ ጠብቂ ትልሻለች" አለች። እናቴ በሁለቱም በኩል አስገባችኝ።

በላሁ። ግን አሁን ሌላ ሐሳብ ገባብኝ። እግዜር ካለ ለገና ሴንት ሉሺያ ነን። ያኔ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል፣ ያ የሚያምር መገጣጠም ይፈርሳል። እነእማዬ ቅዳሴ ወጥተው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲያስፈስኩ፣ እኛ ጋ ገና የዋዜማው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ታኅሣሥ 28 አላለቀም። ከእነሱ ጋር ላስፈስክ ወይስ የሴንት ሉሺያ ዶሮ እስኪጮህ ልጠብቅ? ለነፍስ አባቴ ይህን ብጽፍላቸው ምን ይሉኝ ይሆን፤ በአንድ መልእክት አያልቅም፣ በሁለትም አያልቅም።

ለእህቴ ግን ጻፍኩላት። በርበሬው እንዳለኝ፣ ሽንኩርቱ እንዳልበሰበሰ፣ ችግሩ ሰዓቱ ብቻ እንደሆነ። "ሰዓቱን ተዪው" አለችኝ፣ "ለመሆኑ ዶሮውን በ12 ብልት ማን ሊያወጣልሽ ነው?"

እውነቷን ነው። እኔ ሁሌም 11 ላይ ነው የሚያልቅብኝ።