ይመለሳል ተብሎ ነበር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲደብረኝ ዋለ። ምክንያት የለውም። አልታመምኩም፤ የተጣላሁት ሰውም የለም። ደመወዝም ገብቷል። (ስለ ደመወዙ ሌላ ቀን።) ጥቅምት ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ዝናቡ ሄደ፣ ብርዱ መጣ፤ ሰው ሁሉ ስለ አንድ አጥንት ያወራል፤ እኔ ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ እንከራተታለሁ።

ከሥራ ስወጣ ቤት መግባት አስጠላኝና ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጣና ሞልቷል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሁሌም እንደዚህ ነው። ዳር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ዱካዎቿን ወደ ኋላ ስባቸዋለች። የለመድኩት ቦታ ልቀመጥ ስል «እትዬ፣ እዚያ ጋ ይቅርብዎት፣ ውሃው መጥቷል» አለችኝ። አየሁት። እውነትም መጥቷል። የዛፉን ሥር አልፎ ድንጋዮቹን ሸፍኗል። ድምፅ የለውም። እንዲያው ገብቶ ተቀምጧል።

ያኔ ነው ያቺ መንደር ትዝ ያለችኝ።

ለሥልጠና እንግሊዝ አገር የሄድኩበትን ዓመት ጣጣ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የሻንጣዬን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ፤ የድንቹንም። ስለዚች መንደር ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት የጉብኝት ወሬ ስላልመሰለኝ ይሆናል። ፎቶዎቹንም ለማንም አላሳየሁም።

አንድ ቅዳሜ ነው። ጓደኛዬ መ. «ባሕር የወሰደው መንደር አለ፣ እንሂድ» አለችኝ። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ውሃ ብርቅ አይሆንብኝም ብዬ ተኩራራሁ። ዴቨን በሚባለው አገር ቢሳንድስ ከምትባል ቦታ ተነስቶ ገደል ገደሉን የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። በዚያ ሄድን። ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስድብኝ ይታገላል። አዎ፣ ነጠላ ለብሼ ነበር፤ ብርዱ ያስለብሳል። ባሕሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይጮኻል። የኔ ሐይቅ ጨዋ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

መንደሯ ሆልሳንድስ ትባላለች። መውረድ አይቻልም፤ ከላይ ቆሞ ነው የሚታየው። ከገደሉ ሥር ጠበብ ያለ የድንጋይ መደብ አለ። ቤቶቹ እዚያ ላይ በአንድ መንገድ ዳር ተደርድረው ነበር። ለንደን ኢን የሚባል መጠጥ ቤት ሳይቀር ነበራቸው። ሸርጣንና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን የቀሩት ጣሪያ የሌላቸው ጥቂት ግድግዳዎች ናቸው። አንዱ ግድግዳ ላይ የመስኮት ቀዳዳ አለ። ከቤት ውስጥ ወደ ውጭ የሚታይበት መስኮት ነበር፤ አሁን ወዲህም ውጭ ነው፣ ወዲያም ውጭ ነው። ትኩር ብዬ ሳየው የሆነ ሰው ብቅ የሚል መሰለኝና ዓይኔን መለስኩ። መ. ግን ሳንድዊቿን አውጥታ መብላት ጀመረች። ሰው ይለያያል።

ፍርስራሽ አዲስ ሆኖብኝ እንዳይመስላችሁ። ጎርጎራ አጠገብ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የማርያም ግንብ አይቻለሁ። ግንቡ ላይ ሣር በቅሏል፤ ከሥሩ ሆነን ዳቦ ቆርሰን በልተናል። ምንም አላስፈራኝም። ነገሥታት መጥተው ሠሩ፣ ሄዱ፣ ፈረሰ። የንጉሥ ነገር ነው፤ ያለ ነው። እዚህ ግን የሚያስፈራው የቤቶቹ ማነስ ነበር። እንደኛ ሰፈር ቤት ናቸው። አንዲት ሴት ውሃ ልድፋ ብላ የምትወጣበት ደጃፍ ይታያል። ከደጃፉ ቀጥሎ ምንም የለም።

ታሪኩ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። የቀረውን ማታ ስልኬ ላይ ቆፍሬ አነበብኩት። በ1897 እ.ኤ.አ. መንግሥት ፕሊመዝ ላይ የባሕር ኃይሉን የመርከብ ማደሻ ሊያስፋፋ ፈለገ። ለኮንክሪቱ ጠጠር አስፈለገ። ከመንደሩ ፊት ለፊት ካለው ባሕር መዛቅ ተጀመረ። ሰዎቹ ሰጉ፤ አቤት አሉ። መርማሪ መጣ። አየና ጉዳት አያስከትልም አለ። ሥራው ቀጠለ።

«መርማሪ መጣ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። መ. ምን ያስቃል አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? መርማሪ መጥቶ አይቶ ሲሄድ ያላየ ሰው አይገባውም።

የተዛቀውን ቦታ ባሕሩ ራሱ መልሶ ይሞላዋል ተብሎ ነበር። ወደ 650,000 ቶን ጠጠር ወጣ። አልሞላም። ጠጠሩ ከበረዶ ዘመን የተረፈ ነው፤ የሚተካ ሌላ ጠጠር ከየትም አይመጣም። ዳርቻው ዝቅ አለ። ማዕበሉን ከቤቶቹ በፊት የሚቀበለው ጠፋ። ሰዎቹ እንደገና ጮኹ፤ በ1900 ለፓርላማ እንደራሴያቸው አቤቱታ አቀረቡ። ሌላ መርማሪ መጣ፤ ይሄኛው ይቁም አለ። በ1902 ፈቃዱ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖሩባት። ይሄ ነው የሚያስገርመኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱን እየደገፉ፣ ግንብ እየጨመሩ፣ ሌሊት ነፋሱን እያዳመጡ። በ1917 ጃንዋሪ 26 የምሥራቅ ነፋስና የባሕሩ ሙላት አንድ ላይ ገጠሙ። ማዕበሉ ሲበርድ ሰው የሚኖርበት አንድ ቤት ብቻ ቀርቷል። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

በዚያ በቀረው ቤት ኤልሳቤጥ ፕሪቲጆን የምትባል ሴት ኖረች። እስክትሞት፣ እስከ 1964። ሰፈርተኛው ሁሉ ሄዶ አንቺ ብቻሽን፤ ቡና የሚጠራሽ የለም፣ የምታሚው ጎረቤት እንኳ የለም። እኔ መብራት ሲጠፋ ለብቻዬ መቀመጥ የማልችል ነኝ።

ሥልጠናው የነበረው እዚያው ፕሊመዝ ነው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በከተማው ስሄድ ዓይኔ ኮንክሪት ላይ ብቻ ያርፍ ጀመር። መንደሩ ጠፋ ይላሉ እንጂ እዚሁ ነው ያለው፤ የመርከብ ማደሻው ግድግዳ ውስጥ። ለመምህራችን ይህን ብነግረው ትህትና በተሞላበት መንገድ ዝም አለኝ።

አገሬ ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ እንደሆነች ታሪክ ስትሰማ አታቋርጥም። ቡናዋን ፉት እያለች አስጨረሰችኝ። ከዚያ «ታዲያ ባሕሩ ምን በደለ?» አለች።

«እንዴት?»

«ባሕር ወሰዳቸው ትያለሽ። ባሕሩ የተሰጠውን ነው የወሰደ። ለስም ማጥፋቱ አንደኞች ናችሁ።»

ከዚያ የሁለተኛውን ቡና ውሃ ጨመረች። ከእናቴ ጋር ክርክር እንዲህ ነው የሚያልቀው።

እኛ ግን የምናውቀው ተቃራኒውን ነው። እኛ ጋ ውሃው ነው የሄደው። 1995 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በሮች የሐይቁን መውጫ መቆጣጠር ከጀመሩ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ዝናቡ አነሰ፤ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ ግን ብዙ ነበር። ሐይቁ ታይቶ በማይታወቅ መጠን ወረደ። መርከቦቹ ወራት ቆሙ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ውሃ በነበረበት ላይ በእግራችን ሄድን። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ የሆነ አሮጌ ጫማ ወጥቷል፣ የዓሣ አጥንት አለ። ወንድሜ «ሐይቁ ልብሱን አወለቀ» እያለ ይስቃል። እኔ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነበር የምሄደው። ድንገት ትዝ ብሎት ቢመለስስ?

ገበሬው ግን አልፈራም። በወጣው መሬት ላይ አረሰ። ደንገሉ ደረቀ፣ ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ደንገል ፍለጋ ተንከራተቱ። አንዳንዱ ደግሞ እርሻው ለዘላለም የሱ የሆነ ይመስል ዳሩን በድንጋይ ይከልል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ለነገሩ እኔም መሬት ባገኝ እከልል ነበር።

ከዚያ ዝናብ ዘነበ። ሐይቁ ተመለሰ። መርከቦቹ ተንሳፈፉ። የተከለለውም ድንጋይ እዚያው ውሃ ውስጥ ቀረ። እኛም ረሳነው።

እንግዲህ ዛሬ ሲያብሰለስለኝ የዋለው ይሄ ነው መሰለኝ። ጣና አንዴ ስለተመለሰልን ሁሉም ነገር የሚመለስ ይመስለናል። ዛፍ ቆርጠን ይበቅላል እንላለን። አፈሩ ታጥቦ ሐይቅ ሲገባ ደለል ነው፣ ያለ ነው እንላለን። እንቦጭ የመጣ ጊዜም ነቅለን የምንጨርሰው መስሎን ነበር። እኔም ሄጄ ነቅያለሁ፤ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ገብቼ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ፤ በሳምንቱ ያው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። የሚገርመው፣ እንዲሄድ የምንለው ነው ሁሌ የሚመለሰው። የሆልሳንድስ ሰዎች ጠጠር እየጠበቁ ኖሩ። የትኛው ተመላሽ፣ የትኛው የማይመለስ እንደሆነ ከመዛቁ በፊት በምን ይታወቃል? መርማሪው ራሱ አላወቀም። ወይም አውቆ ዝም አለ። ይሄንን እንጃ።

ይሄን ሁሉ እያሰብኩ ቤቴ ደርሻለሁ ለካ። እንዴት እንደመጣሁ አላስታውስም፤ ባጃጅ ይዤ ይሆናል።

በር ላይ ግንበኛው ቆሞ ይጠብቀኛል። ለእናቴ ጓሮ የማሠራትን አንዲት ክፍል ታውቃላችሁ፤ ከፋሲካ ጀምሮ «አለቀች» እያልኩ የማወራላትን። ብሎኬቱ ቆሟል። ልስን ቀርቷል።

«እትዬ፣ አሸዋ አልቋል። አንድ ቢያጆ ቢመጣልን ነገ እጀምራለሁ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት። ሌላ ጊዜ ስንት ነው ነበር የምለው።

«ከርብም አለ፣ ከጉማራም አለ። የፈለጉትን።»

«ከወንዙ ውስጥ ነው የሚዛቀው?»

«ታዲያ ከየት ይዛቅ?»

«ሲዛቅ ቦታው ምን ይሆናል?»

ግንበኛው አየኝ። ጤንነቴን የተጠራጠረ መሰለኝ። «ክረምት ሲመጣ ወንዙ መልሶ ይሞላዋል» አለኝ።

ደነገጥኩ። እውነቴን ነው፣ ክው ነው ያልኩት። እሱ ምን ያውቃል፣ ሆልሳንድስን ሰምቶ አያውቅ። ደግሞ ልክ ሊሆን ይችላል። ወንዝ አሸዋ ያመጣል፤ ከተራራው እየጫነ ነው የሚወርደው። ባሕር ሌላ፣ ወንዝ ሌላ። ግን ስንት ቢያጆ ያመጣል? ስንት ቢያጆስ እንወስዳለን? በየሰፈሩ በር ላይ የተከመረውን አሸዋ አስቡት እስቲ። ከተማው እኮ በየቀኑ ፎቅ እየጨመረ ነው። ዳር ላይ ያሉት ሰዎች ምን ይላሉ? መርማሪ መጥቶ ያውቃል? ሁሉንም ግንበኛው ላይ አወረድኩበት። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እትዬ፣ አሸዋ ነው እኮ የምንገዛው። ሙሽራ ነው እንዴ ሰባት ቤት የምንቆጥርለት?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ። እናቴም ከውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። ለካ ጆሮዋን አቁማ ኖሯል።

«የትኛው ይረክሳል?» አልኩት በመጨረሻ።

ነገ ጠዋት ይመጣል። ቀብድ ከፍያለሁ። እናቴ እስካሁን ምንም አላለችም። እኔን የጨነቀኝ፣ ክፍሏ አልቃ ስትገባ፣ በአዲሱ መስኮት ወደ ጓሮ እያየች «እንዲያው ይሄ አሸዋ የማን ነበር?» ብላ ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት ነው። እሷ ደግሞ ትጠይቃለች።